ይበቃኛል እና ይበቃሻል

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።



ባለፈው እሑድ ቅዳሴ ከተፈጸመ በኋላ፥ እዚሁ በሐዋሳ ከተማ በቤተ ክርስቲያን ቅጽር ውስጥ ከዛፍ ጥላ ሥር ቆሜ ሳለሁ፥ አንዲት ወጣት ቀርባ መስቀል ተሳለመችና አንድ ነገር ልትጠይቀኝ ፈቃድ ለመነች። የተወለደችው በሲዳማ ደጋ፥ በሀገረ ሰላም አጠገብ ነው። ወደ ሐዋሳ የወረደችውም በልብስ ስፌት ፋብሪካ ተቀጥራ ለመሥራት ነው። ያቀረበችልኝ ጥያቄ ይህ ነበር።

«አባቴ፥ አያቴ፥ ‹እኛ እዚህ ያለን ይበቃናል፤ አንቺ ግን ገንዘብ ወድደሽ ጥለሽን ወረድሽ› ይሉኛል። ቤት ያከራዩኝ ሰው ደግሞ፥ አራት ሆነን የምንተኛባት ክፍል ጣራዋ ስለሚያፈስስ እንዲያሳድሱልን ብለምናቸው፥ ‹ከገጠር ለመጣሽው ይኸ ይበቃሻል› ብለው መለሱልኝ። የሁለቱም ቃል አንድ ነው። ነገር ግን የአያቴ ቃል አሳፈረኝ፤ የእርሳቸው ቃል አቈሰለኝ። ከሁለቱ እውነቱ የቱ ነው? መውረዴስ ኃጢአት ይሆንን?»

በዚያች ሰዓት ብዙ ሰው ይጠብቀኝ ስለ ነበረ፥ «ልጄ፥ ባለሽ ነገር አመስግኚ» ብዬ ባርኬ አሰናበትኋት። እርስዋም እጅ ነሥታ ሄደች። ወደ ቤቴ ስመለስ ግን በመንገድ ላይ ልቤ ወቀሰኝ። ለካስ እኔም በመንፈሳዊ ቃል ሸፍኜ «ይበቃሻል» ብያታለሁ! ቤት አከራዩ የተናገሩትን እኔ መስቀል ይዤ ደገምሁላት። ስለዚህ የዛሬው ትምህርት ለእናንተ ከመሆኑ አስቀድሞ ለራሴ ተግሣጽ ነው፤ ለዚያች ልጅም በወቅቱ ያልሰጠኋት መልስ ነው።

ጥያቄዋን ለመመርመር አስቀድመን የወረደችበትን መንገድ እንመልከት። ሐዋሳ በስምጥ ሸለቆ ውስጥ፥ ከባሕር ጠለል በላይ በ1,700 ሜትር ገደማ፥ በሐይቅ ዳር ተቀምጣለች። ሀገረ ሰላም ከእርስዋ 1,000 ሜትር ያህል ከፍ ብላ፥ ጉም በሚውልበትና ብርድ በሚጸናበት ደጋ ላይ ትገኛለች። ደጃዝማች ባልቻ ሳፎ ሲዳሞን ይገዙ በነበረበት ዘመን መቀመጫቸው በዚያች የተራራ ከተማ ነበረ። ከዚያ በኋላ የግዛቱ መቀመጫ ወደ ይርጋ ዓለም፥ በመጨረሻም ወደ ሐዋሳ ወረደ። ሹመቱና ገበያው፥ ከፍተኛው ትምህርት ቤትና ትልቁ ሐኪም ቤት ወደ ሸለቆው ሲወርድ፥ የሰው ልጅ ተከትሎ ቢወርድ ምን ያስደንቃል? ያቺ ልጅ አስቀድሞ በተጠረገው መንገድ ሄደች እንጂ አዲስ መንገድ አልፈጠረችም።

የደጋው ኑሮ ግን ከሩቅ ለሚያየው ሰው እንደሚመስለው ባዶ አይደለም። በየቤቱ ጓሮ እንሰት ተተክሎአል። እንሰት ለመብል የሚደርሰው ብዙ ጊዜ ከአራት እስከ ሰባት ዓመት ቈይቶ ነው፤ ስለዚህ የሚተክለው ሰው ለዛሬ ሆዱ ብቻ ሳይሆን ገና ለሚያድገው ልጁ ይተክላል። ግንዱና ሥሩ ተፍቆ በጕድጓድ ተቀብሮ ሲብላላ ቆጮ ይሆናል፤ ዝናም በዘገየ ዓመትም ቤተ ሰቡ ከዚያው ጕድጓድ እያወጣ ይመገባል። ቅቤው ከላሚቱ፥ አጥሩና ቤቱ ከቀርከሃው ይገኛል። ሰው ቢታመም ጎረቤት ያለ ደመወዝ ይሸከመዋል፤ ቢሞት መንደሩ ሁሉ ያለቅሰዋል። ይህን ሁሉ የኖሩት አያት «ይበቃናል» ቢሉ ውሸት አልተናገሩም።

ነገር ግን የነገሩን ሌላ ወገን ደግሞ ሳንሸሽግ እንናገር። ከከተማ ለሽርሽር የሚወጣ ሰው የደጋውን አየር፥ ቅቤውንና ማሩን አመስግኖ፥ «እውነተኛ ኑሮስ ይኸ ነው» ይልና ሲመሽ ወደ ቤቱ ይወርዳል። የተራራው ኑሮ የሚመዘነው ግን በእንግዳው ቀን ሳይሆን በባለቤቱ ሌሊት ነው። ምጥ የያዛት ሴት በጭቃ መንገድ በቃሬዛ ስትወርድ፥ ለመድኃኒት የሚከፈል ገንዘብ ከቤቱ ሲታጣ፥ ልጅ ደብተርና ጫማ አጥቶ ትምህርቱን ሲያቋርጥ፥ የዚያን ጊዜ «ጥቂት ይበቃል» የሚለው ቃል ከማን አፍ እንደ ወጣ መጠየቅ ይገባል። የጠገበ ሰው የተራበ ያለ አይመስለውምና።

እንግዲህ ልጅቱ ወደ ወረደችበት ወደ ሐዋሳ እንመለስ። የሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ በሐምሌ ወር 2008 ዓ.ም. ሲመረቅ እስከ 60,000 ለሚደርሱ ሰዎች ሥራ ይሰጣል ተብሎ ታስቦ ነበር። ከሲዳማ ደጋና ከአጎራባች አውራጃዎች ብዙ ወጣት ሴቶች ወረዱ። ለአያሌዎቹ በስማቸው የተቀበሉት የመጀመሪያው ደመወዝ ይኸው ነበር፤ ይህንም ማቃለል አይገባም። ከእርሱም ቈጥበው ታናሽ ወንድማቸውን ያስተማሩ፥ የእናታቸውን የሣር ክዳን በቆርቆሮ የለወጡ ይኖራሉና። ነገር ግን በ2011 ዓ.ም. የኒው ዮርክ ዩኒቨርሲቲ የንግድና የሰብአዊ መብት ማዕከል ባወጣው ጥናት፥ የጀማሪው ሠራተኛ መነሻ ደመወዝ በወር 26 የአሜሪካ ዶላር እንደ ሆነና ልብስ ሰፍተው ለውጭ ገበያ ከሚያቀርቡ አገሮች ሁሉ ዝቅተኛው እንደ ሆነ ተገልጦአል። በታኅሣሥ ወር 2014 ዓ.ም. ደግሞ ኢትዮጵያ ያለ ቀረጥ ወደ አሜሪካ ገበያ ከምታስገባበት ዕድል ስትሰረዝ፥ የአንዳንዶቹ እንጀራ እነርሱ ባልሠሩት ጥፋት ተቋረጠ። እንግዲህ ከተራራ የወረደችው ልጅ ድህነትን ትታ ወደ ሀብት አልገባችም፤ አንዱን ማጣት በሌላ ማጣት ለወጠች። በደጋው ያጣችው ገንዘብ ነበር፤ በከተማው ያጣችው እንቅልፍና ዘመድ ነው።

ገንዘብ ለሰው ደኅንነት ምን ያህል ይጠቅማል? ይህን የመረመሩ የዓለም ሊቃውንት አሉ። በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ2010 ዓ.ም. ዳንኤል ካህነማንና አንገስ ዲተን የተባሉ ሊቃውንት በአሜሪካ ባደረጉት ምርመራ፥ ገቢ በዓመት ወደ 75,000 ዶላር እስኪደርስ ድረስ የሰው የዕለት ደስታ አብሮ እንደሚጨምር፥ ከዚያ ወዲያ ግን እንደማይጨምር ተናገሩ። ማቲው ኪሊንግስወርዝ የተባለ ሌላ ሊቅ በ2021 ዓ.ም. ይህን ተቃወመ። በ2023 ዓ.ም. ሁለቱ ወገኖች ተስማምተው በአንድነት ሲመረምሩ፥ ለብዙዎች ደስታው ከገቢው ጋር እያደገ እንደሚሄድ፥ እጅግ ላዘኑት ሰዎች ግን ከተወሰነ መጠን በኋላ ገንዘብ እንደማይረዳቸው አገኙ። የልብ ስብራትንና የሞት ኀዘንን ገንዘብ አይጠግነውምና።

በአገራችንም ክሪስቶፈር ብላትማንና ስቴፈን ደርኮን የተባሉ ተመራማሪዎች በአምስት ድርጅቶች ሥራ የጠየቁ 1,000 ያህል ሰዎችን ተከታትለው በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ2018 ዓ.ም. ያሳተሙት ጥናት አለ። ሥራውን ካገኙት የሚበዙት በጥቂት ወራት ውስጥ ለቀቁ፤ ገቢያቸውም ሥራውን ካላገኙት የሚበልጥ ሆኖ አልተገኘም፤ የጤና ጕዳት የደረሰባቸውም ነበሩ። ከዚህ የምንማረው ገንዘብ ከንቱ ነው ማለትን አይደለም፤ ገንዘብ የለም ማለት በረከት ነው ማለትንም አይደለም። ገንዘብ የሚመዘነው ከሰው ትከሻ ላይ በሚያወርደው ሸክምና በላዩ ላይ በሚጭነው ሸክም መሆኑን ነው።

አሁን ወደ ሁለቱ ቃላት እንመለስ። በቋንቋችን «በቃ» የሚለው ግስ ድንቅ ምሥጢር አለው። መብል ሲበቃ «በቃኝ» እንላለን፤ መንፈሳዊ ሰውም በትሩፋት ሲጸና «የበቁ አባት» እንለዋለን። ቃሉ አንድ ነው። «ይበቃኛል» ማለትን የተማረ ሰው እርሱ ራሱ ለእግዚአብሔር የበቃ ይሆናል ማለት ነው። ነገር ግን ከበቁት አባቶች መካከል ሌላውን አስርቦ የበቃ አንድ ስንኳ የለም።

ቅዱስ ጳውሎስ ታስሮ ሳለ ለፊልጵስዩስ ሰዎች በጻፈው መልእክት፥ በማጣትም በማግኘትም መኖርን እንደ ተማረ ይናገራል። ልብ አድርጉ! የተማረው እርሱ ነው፤ የሚናገረውም ስለ ራሱ ነው። የኢየሩሳሌም ድሆች በተቸገሩ ጊዜ ግን፥ እነርሱም እንደ እኔ ማጣትን ይማሩ አላለም። በመቄዶንያና በአካይያ ካሉት አብያተ ክርስቲያናት ገንዘብ አሰባሰበላቸው፤ ለቆሮንቶስ ሰዎችም የመናን ነገር አስታወሳቸው፤ ብዙ የለቀመው ያልተረፈው፥ ጥቂት የለቀመውም ያልጎደለበት መሆኑን። ለራሱ «ይበቃኛል» ያለው ጳውሎስ ለሌላው «ይጎድላቸዋል» ይል ነበር።

እንደዚሁም በመጀመሪያዪቱ ቤተ ክርስቲያን መበለቶች በዕለት ምግብ ተዘንግተው ማጕረምረም በተነሣ ጊዜ፥ ሐዋርያት ስለ ትዕግሥት ስብከት ሰብከው ዝም አላሰኙአቸውም። ማዕዱን የሚያስተካክሉ ሰባት ዲያቆናት ሾሙ እንጂ። ጥቅምት 17 ቀን ሹመቱን የምናከብርለት ቀዳሜ ሰማዕት ቅዱስ እስጢፋኖስ ለዚህ አገልግሎት የተጠራው የተራቡት ጕድለታቸውን ስለ ተናገሩ ነው። ጕድለትን መናገር ሁልጊዜ ምስጋና ቢስነት ቢሆን ኖሮ፥ ያ ቅዱስ ሹመት ከየት ይገኝ ነበር?

የመነኮሳት አባት አባ እንጦንስም፥ ቅዱስ አትናቴዎስ እንደ ጻፈልን፥ ከወላጆቹ የወረሰውን ሁሉ ትቶ ሲመንን ታናሽ እኅት ነበረችው። ንብረቱን ለድሆች ሲያከፋፍል አስቀድሞ ለእርስዋ ጥቂት አስቀረላት፤ ያንንም በመጸወተ ጊዜ እኅቱን በመንገድ ላይ አልተዋትም፥ ለታመኑ ደናግል አደራ ሰጣት እንጂ። የበረሃውን ረኃብ ለራሱ ወሰደ፤ ለእኅቱ ግን ጥግና ጠባቂ ፈለገላት። ምናኔ ማለት እንዲህ ነው።

ከእናንተ መካከል መጻሕፍትን ያነበበ ሰው፥ «ቅዱስ ዮሐንስ መጥምቅ ወታደሮችን ደመወዛችሁ ይብቃችሁ ብሎ የለምን?» ይል ይሆናል። እውነት ነው፤ ብሎአል። ነገር ግን ለማን ነው ያለው? ሰይፍ ለታጠቁት፥ ድሃውን አስፈራርተው መቀማት ለሚችሉት ነው። ለበረታው «ይብቃህ» አለው፥ ደካማው እንዲያርፍ። እኛ ግን ብዙ ጊዜ ቃሉን ገልብጠን ለደካማው እንናገረዋለን፥ የበረታው እንዳይነካ።

ሐዋርያው ያዕቆብ ደግሞ ለተራበና ለታረዘ ወንድም መልካም ቃል ብቻ ሰጥቶ ማሰናበት ምን እንደሚጠቅም ይጠይቃል። በዚያው መልእክቱም የተከለከለ የአጫጆች ደመወዝ እንደሚጮኽና ጩኸቱም በእግዚአብሔር ዘንድ እንደሚሰማ ያስጠነቅቃል። ይህን ባነበብሁ ጊዜ፥ ከዛፉ ጥላ ሥር «አመስግኚ» ብዬ ያሰናበትኋት ልጅ ትዝ አለችኝና አፈርሁ።

እንግዲህ ፍርዱ እንዲህ ነው። «ይበቃኛል» ትሩፋት ነው፤ ሰው በራሱ ላይ የሚያውጀው ነጻነት ነውና። «ይበቃናል» ፍቅር ነው፤ ከአንድ ማዕድ የሚበሉ ሰዎች በአንድነት የሚናገሩት ነውና። እኒያ አያት «ይበቃናል» ለማለት ሥልጣን ነበራቸው፤ ከቆጮው ቅቤ ያለበትን ወገን ለልጅ ልጃቸው ሰጥተው ደረቁን ራሳቸው ሲበሉ ኖረዋልና። «ይበቃሻል» ግን፥ የማይራብ ሰው ለተራበች ሲናገረው፥ በትሕትና ልብስ የተሸፈነ ንጥቂያ ነው።

ታዲያ ምን እናድርግ? በዚህች ቃል መጨረሻ ላይ አንዲት ፊደል ብቻ እንጨምርባት፤ «ይበቃሻልን?» ብለን እንጠይቅ። ፊደሊቱ ታናሽ ናት፤ ነገር ግን ፍርድን ወደ ጥያቄ፥ ጌትነትንም ወደ ወንድማማችነት ትለውጣለች።

ቤት የምታከራይ ወንድሜ ሆይ፥ ኪራዩን ለመቀበል በምትሄድበት ቀን ቀና ብለህ ጣራውን ተመልከት፤ «ይበቃችኋልን?» ብለህም ጠይቅ። ሰው ቀጥረህ የምታሠራ ሆይ፥ ደመወዙን ስትወስን ገበያ ወርደህ የጤፍና የዘይት ዋጋ ጠይቅ፥ በዚያ ደመወዝ አንድ ወር ለመኖርም በልብህ ሞክር። የአገራችን ሕግም ይህን ጥያቄ አልዘነጋውም፤ የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ዝቅተኛውን የደመወዝ ወለል የሚወስን ቦርድ እንዲቋቋም ደንግጎአል። ሕግ እስኪያስገድደው የሚጠብቅ ሰው ግን ለሕግ ታዘዘ እንጂ ለወንጌል አልታዘዘም። የቤት ሠራተኛ ያለሽ እኅቴ ሆይ፥ ልጅቱ ከማን ተርፎ ምን እንደምትበላ፥ በየት እንደምትተኛ ዛሬ ማታ ተመልከቺ። እኛም ካህናት፥ በዐውደ ምሕረት ቆመን የድህነትን በረከት ከመስበካችን በፊት፥ ከፊታችን የቆመው ሰው ድህነቱን መርጦት እንደ ሆነ ወይም ተጭኖበት እንደ ሆነ እንለይ።

አንቺም ልጄ፥ በዚህች ሰዓት በክፍልሽ ሆነሽ ትሰሚኝ እንደ ሆነ፥ ያን ዕለት ያልመለስሁልሽን ልመልስልሽ። መውረድሽ ኃጢአት አይደለም። ያዕቆብ ልጆቹን እህል እንዲሸምቱ ወደ ግብፅ የላካቸው ገንዘብ ወድዶ አልነበረም። ወንድምሽን ለማስተማርና እናትሽን ለመርዳት በእጅሽ መሥራትሽ ክብር ነው። ከባልንጀሮችሽ ጋር ሆነሽ በሰላምና በሥርዓት የሚገባሽን ደመወዝና የማያፈስስ ጣራ ብትጠይቂ፥ ምስጋና አጐደለች የሚልሽ አይኑር። ማመስገን ያለውን ነው፤ መጠየቅ የጐደለውን ነው፤ ሁለቱም በአንድ ጸሎት ውስጥ ይገባሉ።

ነገር ግን «ይበቃኛል» የምትለውን ቃል አንቺም ከአያትሽ ቤት ይዘሽ ውረጂ፤ በተራራው ላይ ረስተሻት አትምጪ። ከተማ ብዙ የሚያብለጨልጭ ነገር ያሳይሻል፤ ባልንጀራሽ ስለ ገዛች ብቻ የምትገዢው ነገር በብድር ያስርሻል። ዕቁብሽን ጠብቂ፥ እንቅልፍሽን አትሽጪ፥ እሑድሽን አትስጪ። በዓል ሲደርስ ወደ ደጋው ውጪና አያትሽን ጎብኚ። ሲወቅሱሽም አትከራከሪያቸው፤ ከፊታቸው ተቀምጠሽ ቆጮውን አብረሻቸው ብዪ። እርሳቸው የወቀሱት ገንዘቡን ሳይሆን በማዕዳቸው ዙሪያ የጐደለውን ቦታ እንደ ሆነ የዚያን ጊዜ ይገባሻል።

በመጨረሻም ሁላችንን የሚመለከት አንድ ነገር ልናገርና ልፈጽም። ተራራው ከከተማው አይጸድቅም፤ ከተማውም ከተራራው አይሻልም። ጌታችን በገሊላ ተራራ ላይ አስተማረ፤ በቅፍርናሆም ከተማም ከቀራጮች ጋር በማዕድ ተቀመጠ። በሁለቱም ቦታ የጠየቀው አንድ ነገር ነው፤ የሰው ልብ በምን ላይ እንዳረፈ። ዛሬ ማታ እያንዳንዳችን ከመተኛታችን በፊት ያለንን ቈጥረን «ይህ ይበቃኛል» የምንልበትን መጠን እንፈልግ፤ ከዚያ በላይ ያለውም በማን ቤት እንደ ጐደለ እንጠይቅ። ይህን ያደረገ ሰው በደጋም ይኑር በሸለቆ፥ በቀርከሃ ቤትም ይኑር በፎቅ፥ እርሱ በእውነት የበቃ ነው።

የበረከት ባለቤት እግዚአብሔር ላጡት የሚበቃቸውን፥ ላገኙት «ይበቃኛል» የሚል ልብ፥ ለሁላችንም ከአንድ ማዕድ የምንቈርስበትን ፍቅር ይስጠን። አገራችንን ከደጋ እስከ ቆላ ይባርክልን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።